ሥላሴን በመጽሐፍ መሟገት

ምሥጢረ ሥላሴ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጀመሪያው ነው። አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በስም፣ በአካልና በግብር ሦስት፣ በባሕርይ፣ በመለኮትና በሥልጣን ግን አንድ አምላክ ናቸው። በግብር ሦስት ማለት አብ ወላዲ፣ ወልድ ተወላዲ፣ መንፈስ ቅዱስ ሠራጺ ነው ማለት ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና አብዛኞቹ ወንጌላውያንም አምላክ አንድ ሲሆን አካላቱ ሦስት መሆናቸውን ይቀበላሉ። ይሁን እንጂ «ሥላሴ» የሚለው ስም በመጽሐፍ ቅዱስ በአንድም ቁጥር ላይ አልተጻፈም። ስለዚህ ትምህርቱን የሚቀበለው ወገን ነገሩ በመጽሐፍ ውስጥ መኖሩን፣ የማይቀበለው ደግሞ አለመኖሩን በጥቅስ ሲሟገት ኖሯል። በኢትዮጵያ ይህ ሙግት ከአክሱም ዘመን ጀምሮ ነገሥታትን፣ መነኮሳትንና ምእመናንን አነጋግሯል።

በአዊ ዞን፣ በአዘናም ሆነ በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ባሉ አጥቢያዎች፣ ኦርቶዶክሳዊው ምእመን ይህን ትምህርት የሚያገኘው ጥቅስ ከመማሩ በፊት ነው። ማዕድ ሲቀርብም ሥራ ሲጀመርም በስመ አብ ይባላል፤ ወር በገባ በ7 ሥላሴ ይዘከራል። ቅዳሴው በግእዝ፣ የቤት ወጉ በአዊኛ በሚሆንበት አገር ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው በዓሉን ነው። በዓላቱ ደግሞ ራሳቸው የመጽሐፍ ትርጓሜ ናቸው። የጥር 7 ሥላሴ የባቢሎን ግንብ የፈረሰበት መታሰቢያ ሲሆን መሠረቱ ዘፍጥረት 11፥7 ነው፤ በዚያ ቁጥር እግዚአብሔር ስለ መውረዱና ቋንቋ ስለ መደባለቁ የሚናገረው ብዙ ሆኖ ነው። የሐምሌ 7 ሥላሴ ደግሞ በዘፍጥረት 18 ሦስቱ እንግዶች ወደ አብርሃም ቤት የገቡበት መታሰቢያ ነው።

ይህ የአብርሃም ምዕራፍ ለሙግት ከሚቀርቡት የብሉይ ኪዳን ምንባቦች ሁሉ ሀብታሙም አስቸጋሪውም ነው። በቁጥር 1 የተገለጠው እግዚአብሔር መሆኑ ይነገራል፤ በቁጥር 2 ግን አብርሃም ያየው ሦስት ሰዎችን ነው። በቁጥር 3 አንድ ጌታን እንደሚያናግር ሆኖ ይለምናል፤ ወዲያው በቁጥር 4 እግራቸውን እንዲታጠቡ ለብዙዎች ይናገራል። ሣራ የት እንዳለች የሚጠይቁት በቁጥር 9 ብዙዎች ናቸው፤ በቁጥር 10 ልጅ እንደምትወልድ ተስፋ የሚሰጠው አንድ ነው። የአንድነቱና የሦስትነቱ አነጋገር እንዲህ ሲፈራረቅ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ምሥጢረ ሥላሴን አዩበት። ሦስት ፍጹም ተመሳሳይ ሽማግሌዎች በአራቱ እንስሳ መካከል ተቀምጠው የሚታዩበት ሥዕልም ከዚሁ እምነት ጋር የሚስማማ ነው፤ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በቀዳማዊ ኢያሱ ዘመን በተመሠረተው በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይህ ሥዕል ዛሬም ይታያል።

ተቃዋሚው ምዕራፉ ተጨርሶ እንዲነበብ ይጠይቃል። በ18፥22 ሰዎቹ ወደ ሰዶም ሲሄዱ አብርሃም በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ ይቀራል፤ በ19፥1 ሰዶም የደረሱት ሁለት መላእክት ናቸው። እንግዲያው ከሦስቱ አንዱ ጌታ፣ ሁለቱ መላእክት ነበሩ ይላል። ይህ ንባብ የመናፍቅ ፈጠራ አይደለም፤ በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስም ከሦስቱ አንዱን ወልድ አድርጎ ተርጉሞታል። አውግስጢኖስ ደግሞ በሦስቱም የሥላሴን ምሳሌ አይቷል። ስለዚህ ዘፍጥረት 18 ሥላሴን አስቀድሞ ከሐዲስ ኪዳን ለተቀበለ አንባቢ ትልቅ ማጽኛ ነው፤ ላልተቀበለው ግን ክርክሩን ብቻውን አይዘጋውም። በዘፍጥረት 1፥26 ላይ ሰውን ስለ መፍጠር በብዙ ቁጥር የተነገረው ቃልም እንዲሁ ነው። ተናጋሪው ከአንድ በላይ መሆኑን ያመለክት ይሆናል እንጂ ሦስት መሆኑን አይቆጥርም። አይሁድ ለመላእክት የተነገረ ነው ይላሉ፤ ክርስቲያኑ ሰው በመላእክት መልክ አልተፈጠረም፣ መላእክትም ፈጣሪ አይደሉም ብሎ ይመልሳል። ሦስትነቱ የሚቆጠረው ከመዝሙረ ዳዊት 32፥6 ጋር ሲነበብ ነው፤ በዚያ ሰማያት በእግዚአብሔር ቃልና በአፉ እስትንፋስ መጽናታቸው ይነገራል። አብን በልብ፣ ወልድን በቃል፣ መንፈስ ቅዱስን በእስትንፋስ የሚመስለው የሊቃውንት ትምህርትም ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ከሐዲስ ኪዳን ከተነሡት ታላላቅ ሙግቶች አንዱ የአርዮስ ነው። የእስክንድርያው ካህን አርዮስ ወልድ ፍጡር ነው፣ ያልነበረበት ጊዜ ነበር ብሎ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ አወገዘው፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በጉባኤው የተገኙትን አባቶች 318 ብላ ትቆጥራለች፣ ሠለስቱ ምዕት ብላም ታከብራቸዋለች። የአርዮስ ዋና ተቃዋሚ የነበረው አትናቴዎስ ያው ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው ነው። ስለዚህ ክርክሩ ብዙ ሳይቆይ ኢትዮጵያን ነካ። አርዮሳውያንን ይደግፍ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንጢዮስ እ.ኤ.አ. በ356 አካባቢ ለአክሱም ገዥዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፤ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአርዮሳዊው ጊዮርጊስ እንዲመረመር ጠየቀ። ደብዳቤው በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ ደርሶናል። አክሱም ጳጳሷን አሳልፋ እንደሰጠች የሚያሳይ ምንም ነገር የለም። ከዚህም በላይ በአክሱም በ20ኛው መቶ ዓመት የተገኘ በጽርዕ የተጻፈ የኢዛና የድንጋይ ጽሑፍ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ማመኑን ይናገራል። ኢትዮጵያ ክርስትናን ስትቀበል የተቀበለችው ሥላሴን አስቀድሞ የተሟገተ ክርስትና ነበር፤ ይህ በታሪኳ ትልቅ ነገር ነው።

የአርዮስ ጥቅሶች ዛሬም አልሞቱም። የይሖዋ ምስክሮች በየቤቱ ሲያንኳኩ የሚያነሷቸው አብዛኞቹ እነዚያው ናቸው። ዮሐንስ 14፥28 አብ ከወልድ እንደሚበልጥ ይናገራል። ማርቆስ 13፥32 የመጨረሻዋን ቀን ወልድም እንደማያውቃት ይናገራል። ቈላስይስ 1፥15 ክርስቶስን የፍጥረት በኵር ይለዋል። ምሳሌ 8፥22 ስለ ጥበብ የተነገረው ለወልድ ሲሰጥ እንደ ተፈጠረ ያስመስለዋል። 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥28 ወልድ ራሱ በመጨረሻ ለአብ እንደሚገዛ ይናገራል። እነዚህን ጥቅሶች መሸሽ አይገባም፤ በመጽሐፍ ውስጥ አሉ። የሊቃውንቱ መልስ አንድ ሥርዓት አለው፦ ስለ ክርስቶስ የተነገረው ቃል ስለ መለኮቱ ነው ወይስ ስለ ሥጋዌው ብሎ መለየት። መሠረቱ ፊልጵስዩስ 2፥6-8 ነው፤ ከእግዚአብሔር ጋር እኩል የነበረው ራሱን ዝቅ አድርጎ የባሪያን መልክ ያዘ። አብ ይበልጣል፣ አያውቅም፣ ይገዛል የተባለው በዚህ ዝቅታ ነው። በኵር ለሚለው ደግሞ መልሱ ከራሱ ከመጽሐፍ ይወጣል፤ በመዝሙር 88፥27 የእሴይ የመጨረሻ ልጅ ዳዊት በኵር ተብሏል፣ በቈላስይስ በሚቀጥለው ቁጥር ደግሞ ሁሉ በክርስቶስ መፈጠሩ ይነገራል። ሁሉን የፈጠረ ከተፈጠሩት መካከል አይቆጠርም።

ከአርዮስ ተቃራኒ የሚቆመው ስሕተት የሰባልዮስ ነው። አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ አንድ አካል ናቸው፣ ሦስቱ ስሞች የመገለጫ መልኮች ብቻ ናቸው ይላል። በዛሬዋ ኢትዮጵያ ይህን የሚመስል ትምህርት የሚያስተምሩት «ኦንሊ ጂሰስ» በሚል ስም የሚታወቁት ሐዋርያዊ ምእመናን ናቸው። ዋና ጥቅሳቸው የሐዋርያት ሥራ 2፥38 ነው፤ ጥምቀት በኢየሱስ ክርስቶስ ስም እንዲሆን ያዝዛል። ማቴዎስ 28፥19 ግን በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም ያዝዛል። እነርሱ «ስም» የተባለው አንድ ስለሆነ ስሙ ኢየሱስ ነው ይላሉ። ሌላው ወገን ግን የሐዋርያት ሥራ ጥምቀቱ የማን እንደሆነ ሲናገር ማቴዎስ አፈጻጸሙን ይናገራል ብሎ ይመልሳል፤ በምዕራፍ 19 በዮሐንስ ጥምቀት የተጠመቁት ደቀ መዛሙርት እንደገና በኢየሱስ ስም መጠመቃቸውም ይህን ያስረዳል። ዲዳኬ የተባለው ከ1ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወይም ከ2ኛው መጀመሪያ የሆነው የጥንት ክርስቲያኖች መጽሐፍም በሦስቱ ስም እንዲጠመቁ ያዝዛል። የዮርዳኖስ ታሪክ ግን ሦስቱን አንድ አካል ለሚለው ወገን ከሁሉ ይከብዳል። በማቴዎስ 3፥16-17 ወልድ ተጠምቆ ከውኃ ይወጣል፣ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ይወርዳል፣ አብ ከሰማይ ይናገራል። በጥምቀት ጥር 11 የሚከበረው ይህ ነው።

በአርዮስና በሰባልዮስ መካከል ያለውን ጠባብ መንገድ በግእዝ በትጋት ካሳዩት አንዱ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1424 የተጠናቀቀው መጽሐፈ ምሥጢራቸው ሰባልዮስን፣ አርዮስን፣ የመንፈስ ቅዱስን አምላክነት የካደውን መቅዶንዮስንና ሌሎችንም እየለየ ይከራከራቸዋል። የመጽሐፉ ጥንካሬ ተቃዋሚው የሚያነሣውን ጥቅስ አለመደበቁ ነው፤ ጥቅሱን ራሱ ያነሣል፣ ከዚያ ይፈታዋል።

ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434-1468 እ.ኤ.አ.) ክርክሩን ወደ ዙፋን አወጡት። ዘሚካኤል የተባለው መምህርና ተከታዮቹ የእግዚአብሔር መልክ በሰው ዘንድ አይታወቅም ሲሉ፣ ንጉሡ ሰው በእግዚአብሔር መልክ መፈጠሩን ከዘፍጥረት 1 እያነሡ በመጽሐፈ ሚላድና በመጽሐፈ ብርሃን ተሟገቱ። እግዚአብሔርን ማንም አላየም የሚለው ዮሐንስ 1፥18ና ሰው በመልኩ ተፈጠረ የሚለው ዘፍጥረት 1 አብረው እንዴት እንደሚቆሙ መጠየቅ ተገቢ ነበር። ነገር ግን አንዱ ተከራካሪ ንጉሥ፣ ሌላው በሥልጣኑ ሥር የሚቀጣ ሰው ሲሆን ጥያቄው በጥቅስ ብቻ አልተመለሰም። በዚያው ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ በተባሉት መነኮሳት ላይ የደረሰው ግፍም ይህን ያስታውሳል። መጻሕፍቱ ታላቅ የግእዝ ሥራ ናቸው፤ ክርክሩ ግን ነፃ አልነበረም።

በመጽሐፍ ከተደረጉት ሙግቶች ሁሉ ልዩ የሆነው የእጨጌ ዕንባቆም ነው። የየመን ተወላጅ የነበሩት ዕንባቆም ከእስልምና ወደ ክርስትና መጥተው የደብረ ሊባኖስ አበምኔት ሆኑ። በግራኝ አሕመድ ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1540፣ አንቀጸ አሚን የተባለውን መጽሐፍ ለኢማሙ በደብዳቤ መልክ ጻፉ። ሥላሴን የማይቀበለውን ሰው በማይቀበለው መጽሐፍ ከመከራከር ይልቅ ቁርኣኑን ራሱን እያጣቀሱ ተሟገቱ። እስልምና ሥላሴን አጥብቆ ይቃወማል፤ ሱረቱ-ን-ኒሳእ ቁጥር 171 ሦስት ማለትን ይከለክላል፤ በዚያው ቁጥር ግን ኢየሱስን የአላህ ቃልና ከእርሱ የሆነ መንፈስ ይለዋል። ሙስሊሙ ሊቅ ቃሉን በተፈጠረ ነገርነት ይተረጉመዋል፤ ክርስቲያኑ ከቃል መወለድ ጋር ያያይዘዋል። ይህ ልዩነት ዛሬም አልተዘጋም። የዕንባቆም ሥራ ግን የሌላውን ወገን መጽሐፍ በቅጡ ሳያነቡ ስለ እምነቱ መከራከር እንደማይገባ ያሳያል።

ለጎጃም ሰው ሥላሴን የሚነካው ቅርብ ክርክር ቅባት ነው። ፖርቱጋላውያንና ስፔናውያን ኢየሱሳውያን በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት ሲያስተምሩ የተነሡ ጥያቄዎች ሊቃውንቱን ከፋፈሉ።  የተነሣው ጥያቄ የሐዋርያት ሥራ 10፥38ን ይዞ ነበር፦ ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ከተቀባ ቅባቱ ለእርሱ ምን አደረገለት? ቅባቶች አብ ቀባዒ፣ ወልድ ተቀባዒ፣ መንፈስ ቅዱስ ቅብዕ ነው ብለው ሥጋ የባሕርይ ክብርን ያገኘው በዚህ ቅባት ነው አሉ። ተዋሕዶዎች ሥጋ የከበረው ከቃል ጋር በመዋሐዱ ነው ብለው መለሱ። ጸጋዎች ወይም ሦስት ልደቶች ደግሞ በመንፈስ ቅዱስ ቅባት ሦስተኛ ልደት ጨመሩ። ሁሉም ከሉቃስ 4፥18፣ ከዕብራውያን 1፥9ና ከመዝሙር 44፥7 ጠቀሱ። ጎጃም የቅባቶች ጠንካራ ምሽግ ነበረ፤ የጎንደር ነገሥታትም አንዴ ወደ አንዱ፣ አንዴ ወደ ሌላው ያዘነብሉ ነበር። በግንቦት 1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ምኒልክ በተገኙበት በወሎ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው ተዋሕዶን አጸኑ። በዚያው ዘመን ሙስሊም መሪዎች እንዲጠመቁ መታዘዛቸውም የዚያ ጉባኤ ታሪክ አካል ነው፤ ከክርክር በኋላ በአዋጅ የሚመጣ እምነት እንዴት እንደሚያስቸግር የወሎ ታሪክ ይመሰክራል።

ከካቶሊኮች ጋር ሌላ ልዩነትም አለ፤ መንፈስ ቅዱስ ከአብ ብቻ ይሠርጻል ወይስ ከአብና ከወልድ? ዮሐንስ 15፥26 የሚናገረው ከአብ መውጣቱን ነው። ተዋሕዶ በዚሁ ስትጸና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከአብና ከወልድ ትላለች።

በየትኛውም ወገን የሚሟገት ሰው አንድ ጥቅስ ከእጁ ሊያስቀምጥ ይገባል፤ እርሱም 1ኛ ዮሐንስ 5፥7 ነው። በአንዳንድ የቆዩ ትርጉሞች ውስጥ በሰማይ የሚመሰክሩ ሦስት እንደሆኑ የሚናገር ተጨማሪ ቃል በዚህ ቦታ ይገኛል። በጥንት የጽርዕ ጽሑፎች ግን የለም፤ በጥንቱ የግእዝ ትርጉምም አልነበረም። ኤራስመስ እ.ኤ.አ. በ1516ና በ1519 ባሳተማቸው የጽርዕ ሐዲስ ኪዳኖች አላስገባውም፤ ያስገባው በ1522 ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም በዚያ ቦታ የሚያነሣው መንፈስን፣ ውኃንና ደምን ብቻ ነው። ሥላሴን የሚያምን ሰው እምነቱን በዚህ ቁጥር ላይ ማቆም የለበትም፤ የሚክደውም ሰው ቁጥሩ በመውደቁ ትምህርቱ የወደቀ መስሎት መደሰት የለበትም። አትናቴዎስም አባ ጊዮርጊስም ሙግታቸውን በዚህ ቁጥር ላይ አላቆሙም።

ጠንካራው ሙግት አንድ ጥቅስ ሳይሆን መጽሐፍ ራሱን የሚተረጉምበት ሰንሰለት ነው። በኢሳይያስ 6 ነቢዩ እግዚአብሔርን በዙፋን ያያል፤ ሱራፌል ሦስት ጊዜ ቅዱስ ብለው ያመሰግኑታል፤ በቁጥር 8 ተናጋሪው ማንን እንደሚልክ ሲጠይቅ ራሱን በብዙ ቁጥር ይጠራል። በዮሐንስ 12፥41 ወንጌላዊው ይህንኑ ትንቢት ከጠቀሰ በኋላ ኢሳይያስ ያየው የክርስቶስን ክብር መሆኑን ይናገራል። በሐዋርያት ሥራ 28፥25 ጳውሎስ በዚያው ምዕራፍ የተነገረውን ቃል የተናገረው መንፈስ ቅዱስ መሆኑን ይመሰክራል። አንድ ራእይ ነው፤ ዮሐንስ ወልድን፣ ጳውሎስ መንፈስ ቅዱስን ያዩበታል። የሐዋርያት ሥራ 5፥3-4 ደግሞ ለመንፈስ ቅዱስ መዋሸት ለእግዚአብሔር መዋሸት መሆኑን ይናገራል። በዮሐንስ 10፥30 ስለተነገረው አንድነትም ተቃዋሚው በ17፥21 ደቀ መዛሙርቱም አንድ እንዲሆኑ መጸለዩን ጠቅሶ አንድነቱ የፈቃድ ብቻ ነው ይላል፤ ይህ ጠንካራ ተቃውሞ ነው። ነገር ግን በ10፥31-33 ሰሚዎቹ ድንጋይ ያነሡት የፈቃድ አንድነት ስለሰሙ ሳይሆን ሰው ሆኖ ራሱን አምላክ አደረገ ብለው ነው።

ከሊቃውንቱ ልማድ አንዱ ትምህርቱን በፀሐይ መመሰል ነው፤ ክበቡ፣ ብርሃኑና ሙቀቱ ሦስት ሲሆኑ ፀሐዩ አንድ ነው። ይህ ለማስረዳት የሚረዳ ምሳሌ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ክርክሩን የጀመረው ጥቅስ ከሆነ የሚፈታውም ጥቅስ ነው። በጎጃም እንደ ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስ ያሉ አድባራት ለዘመናት ሲያስተምሩ የኖሩት ትምህርትም በዚህ የቆመ ነው፤ ሊቁ ቅኔ ከተማረ በኋላ በመጻሕፍት ቤት ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን ይማራል፤ በአንድምታ አንዱን ቁጥር ከሌላው እያዛመደ ይተረጉማል። በሥላሴ ጉዳይ ተጠይቆ መልስ ለመስጠት የሚፈልግ የአዘና ወይም የሌላ አገር አንባቢ ከተሰበሰቡ ጥቅሶች ከመጀመር ይልቅ የዮሐንስን ወንጌል ከምዕራፍ 1 እስከ 17 ሳያቋርጥ ያንብብ፤ ከዚያ ኢሳይያስ 6ንና የሐዋርያት ሥራን ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ ያልተፈታለትን ቁጥር ይዞም በደብሩ ወዳለው የመጻሕፍት መምህር ይሂድ።